መኪናችን የወለደች ዕለት

ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ መኪናችን አረገዘች። ብትስቁ አልቀየምም፤ ዛሬ እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን በሙሉ ልቤ አምኜው ነበር፤ ማስረጃም አላጣሁም።

የመጀመሪያው ማስረጃዬ አባቴ ነው። አባቴ ኤሴንቤክ የመንደራችን የከብት ሐኪም ነበር። ከናሪን ከተማ እስከ ተራሮቹ ግርጌ ድረስ እጁ ያላረፈበት ላምና ፈረስ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ በዚያ ዓመት፣ በረዶው ምድሩን ከሸፈነ በኋላ፣ በየማለዳው የሚመረምረው መኪናችንን ሆነ። ከጀርመን አገር ተነድታ የመጣች አሮጌ የናፍጣ መኪና ነበረች። የምታድረውም ከላማችን ጋጣ ጎን፣ ያው ጣሪያ ሥር ነው፤ በመሃል ያለው አጥር ለወጉ ያህል የቆመ ነበር። አባቴ ኮፈኗን ይከፍታል፣ የላሞችን ልብ የሚሰማበትን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ይሰካል፣ ጫፉን ከሞተሩ አጠገብ ለጥፎ እናቴን "ቁልፉን አዙሪ" ይላታል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል።

"ምንም የለም" ይላል። "ፀጥ ነው።"

"ትንሽ ጠብቅ" ትላለች እናቴ ዳሚራ።

"ጠበቅኩ። ፀጥ ነው።"

ሁለተኛው ማስረጃ እሳቱ ነው። ከምርመራው በኋላ አባቴ የኩበት ፍም በብረት ሳህን አምጥቶ ከሞተሩ በታች ያስቀምጣል። ብርድ ላይ ልትወልድ የደረሰች በግም እንዲሁ ነበር የምትሞቀው፤ ስለዚህ ምንም የሚያስገርም ነገር አልነበረውም። ግማሹ ማለዳ በዚህ ካለፈ በኋላ መኪናዋ ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋና ትነሳለች። ላማችን አጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ሁሉንም ትከታተል ነበር። እኔም የምቀመጠው ከሷ በላይ፣ ድርቆሹ ክምር ላይ ነው።

ሦስተኛውንና ዋናውን ማስረጃ የሰጠችኝ አያቴ ኡሩምካን ናት። አያቴ ደግሞ አትዋሽም።

አንድ ምሽት ሻይ እየጠጣን ነበር። አባቴ የሻይ ጽዋውን፣ ፒያላውን፣ እጁ ላይ እያዞረ፣ ለማንም ሳይሆን ለሻዩ የሚናገር ይመስል፣ "ቀኗ ሲደርስ እንዲህ እምቢ ብትል ምን ይውጠናል?" አለ።

"ዝም በል፣ ይቺ ትሰማለች" አለችው አያቴ።

እኔ ደግሞ እየሰማሁ ነበር። "የማን ቀን ነው የሚደርሰው?" አልኩ።

እናቴ ጠረጴዛው ላይ ያልነበረ ፍርፋሪ መጥረግ ጀመረች። አያቴ አንድ ቦርሶክ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ አንስታ ቅቤ ቀባችበትና እጄ ላይ አስቀመጠች።

"የመኪናዋ ነዋ። ብይ።"

እንግዲህ ሌላ ምን ይፈለጋል? ቦርሶኬን በላሁ፣ ነገሩ ገባኝ። እናቴ በዚያ ወራት የአባቴን ትልቅ ካፖርት ቤት ውስጥም አታወልቅም ነበር፤ እሱን በብርዱ አሳበብኩ። ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ወንበር ስትይዝ ትቃትታለች፤ እሱን ደግሞ በካፖርቱ ክብደት። እኔ ራሴ ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፣ እንዲያ ያለ አካሄድ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እለያለሁ። ያኔ ግን ልቤ ጋጣው ውስጥ ነበር።

እኔ ያኔ ያላወቅኩት ይህን ነው። ከእኔ በኋላ እናቴ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልቆዩላትም። ሁለተኛው ጊዜ ምጡ የመጣው ብርዱ በጠናበት ማለዳ ነው፤ መኪናዋ እስክትሞቅ፣ እስክትነሳ፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ እስኪያልቅ ጊዜው አለፈ። ስለዚህ በሦስተኛው አያቴ ሕግ አወጣች፦ ስሙ አይነሳም፣ ልብስ አይሰፋም፣ የሕፃን አልጋው ከጎተራ አይወርድም፣ ከቤታችን አጥር ውጪ አንድ ሰው አይሰማም። ዓይን እንዳያርፍበት ነው። "ልጅ" የሚለው ቃል ራሱ በዚያ ወራት ቤታችን ውስጥ አልተጠራም፤ እኔንም እንኳ "አንቺ" ብቻ ነበር የሚሉኝ።

ይህ ሕግ ግን አባቴን አንድ ትልቅ ችግር ውስጥ ከተተው። የናፍጣ ሞተር በብርድ የሚነሳው በውስጡ ያሉት ትናንሽ ማሞቂያዎች አስቀድመው ሲግሉ ነው። ማሞቂያዎቹ ደህና ነበሩ፤ አባቴ አንድ በአንድ በባትሪ ሽቦ ነክቶ አረጋግጧል። ያጡት ኤሌክትሪክ የሚልክላቸውን ነው። የሚልከው ደግሞ ሪሌ የሚባል፣ ከመዳፍ ያነሰ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ውስጡ "ቀጭ" ማለት ነበረበት። አባቴ በማዳመጫው የሚፈልገው ያንን "ቀጭ" ነበር። ለሸርጋዚ የአንድ ሲጋራ ጊዜ ሥራ ነው።

ሸርጋዚ የአጥር ጎረቤታችንና መካኒክ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉን ግን ጌታ ይወቀው። ገበያ ላይ የተጣላ ባልና ሚስት ቤታቸው ሳይገቡ የጠቡን ምክንያት መንደሩ የሚሰማው ከሱ ነበር።

"ሸርጋዚን ልጥራው" አለ አባቴ።

"በሞቴ እንዳታደርገው" አለች አያቴ። "ምን ይላል መሰለህ? 'ዶክተር፣ ሌላ ጊዜ መኪናህን እስከ ፀደይ ታስተኛታለህ፣ ዘንድሮ ምን አጣደፈህ?' ይልሃል። ከዚያ ዙሪያውን ያያል፣ ዳሚራን ያያል። ወሬው ሳይመሽ ወንዙ ማዶ ይደርሳል።"

"ወንዙ ማዶ በጎች ብቻ ናቸው ያሉት።"

"በጎቹም ይሰማሉ።"

"እማ፣ እኔ የማውቀው ላም ነው።"

"ላሚቱን ስትጀምርስ ታውቃት ነበር? ራስህ ሥራው።"

እኔ ይህን ሁሉ ከምድጃው ጀርባ ሰምቻለሁ። የተረዳሁት ግን ሸርጋዚ የመኪናችንን ግልገል ሊሰርቅ እንደሚችል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ በኩል ሳየው ምላሴን አወጣበት ነበር። እሱ ደግሞ የሱን አውጥቶ ይመልስልኛል፤ እንዲያ ያለ ሰው ነው።

አባቴ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ላለ ወዳጁ መልእክት ላከ። ከሳምንት በኋላ የሚኒባሱ ሾፌር አዲሱን ሪሌ በሱፍ ካልሲ ጠቅልሎ አመጣ። አያቴ ተቀበለችና ሣጥኗ ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ በታች ደበቀችው። እኔ አላየሁም።

ያየሁት ሥራውን ነው። ፀሐይ በወጣበት፣ ግን ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ በሚሆንበት አንድ ረፋድ ላይ አባቴ እጅጌውን እስከ ክርን ሰብስቦ ጋጣው ገባ። ላም ሊያዋልድ ሲል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኔ ድርቆሹ ላይ ወጥቼ በሆዴ ተኛሁ። የባትሪውን ሽቦ ፈታ። ከጎማው በላይ ባለው ጥግ እጁን ሰደደና አንድ ብሎን በቁልፍ ማላቀቅ ጀመረ። ብሎኑ ዝጓል። ነፋበት፣ ዘይት ጠብ አደረገበት፣ ለመነው።

"ቀስ፣ ቀስ... አይዞሽ። ትንሽ ነው የቀረው" ይላል። ላሞችንም እንዲሁ ነበር የሚያናግራቸው። "ነይ እንጂ። ነይ የኔ ቆንጆ።"

ብሎኑ ወጣ። ሽቦው የተሰካበት ሶኬት ግን ከሳጥኑ አልላቀቅ አለ። በካቻቢቴ ጎኑን ፈለቀቀ፣ በፒንሳ ያዘ፣ እግሩን መከላከያው ላይ ተክሎ ሳበ። ላማችን ጮኸች። አባቴ ወደ ኋላው ገለባው ላይ በጀርባው ወደቀ፤ እጁ ላይ ጥቁር፣ ትንሽዬ፣ ጠፍጣፋ የብረት እግሮች ያሉት ነገር ነበር።

"ወጣ" አለ እያለከለከ። "ተመስገን።"

ከዚህ በኋላ እዚያ የምቆይበት ምክንያት አልነበረኝም። ከድርቆሹ ተንሸራትቼ ወርጄ በኋላው በር ወጣሁ።

በኛ ዘንድ የምሥራች የያዘ ሰው በሩጫ መጥቶ "ሱዩንቹ" ይላል። የሰማው ሰው ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ መጀመሪያ እጁ የገባውን ይሰጣል፤ ቀድሞ የጠየቀ ንፉግ ይባላል። የታላቅ ወንድም ሠርግ፣ ከጦር ሠራዊት የተመለሰ ልጅ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን፣ ሁሉም ሱዩንቹ አለው። ትልልቆቹ ልጆች ሁልጊዜ ይቀድሙኝ ስለነበር በዕድሜዬ አንድም ጊዜ ሱዩንቹ ብዬ አላውቅም። አሁን ግን ማንም አልቀደመኝም።

ሸርጋዚን እንኳ ይቅር አልኩት። መጀመሪያ የገባሁት እሱ ቤት ነው።

"ሱዩንቹ፣ ሱዩንቹ" አልኩ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

የሸርጋዚ ሚስት ጉልሱን የያዘችውን ሊጥ ጣለች። ከራሷ ላይ የአበባ ሻሿን ፈታ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ፤ ሸርጋዚ ኪሱን በርብሮ አንድ ጩቤ የምታህል ሰንጢ እጄ ላይ አኖረ።

"ከማን ቤት?" አለች ጉልሱን።

"ከኛ ቤት። ተወለደ።"

ባልና ሚስት ተያዩ። "ወንድ ነው ሴት?" አለ ሸርጋዚ።

"ገና አላወቅንም። ትንሽዬና ጥቁር ነው።"

"ሲወለዱ ሁሉም እንደዚያው ናቸው" አለች ጉልሱን። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ማን አዋለደ? ማን መጣላችሁ?"

"ማንም። አባቴ ነው ያወጣው።"

ሸርጋዚ የተቀመጠበትን ወንበር ገፍቶ ተነሳ። "አባትሽ? በምን?"

"በካቻቢቴ" አልኩ። "ከዚያ እምቢ ሲለው በፒንሳ።"

ጉልሱን የባሏን ክንድ ያዘች። ከዚያ በኋላ የሆነው በጣም ፈጣን ነበር። ሸርጋዚ ካፖርቱን በአንድ እጅጌ ብቻ አጥልቆ ወጣ። ጉልሱን ደግሞ ከሣጥን ግርጌ አንድ ትንሽዬ ድሪቶ፣ ቀይና ቢጫ ጨርቅ እየተጋጠመ የተሰፋ አዲስ የሕፃን ብርድ ልብስ ጎትታ አወጣችና ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተከተለችው። ያ ብርድ ልብስ ለምን ዝግጁ ሆኖ እንደጠበቀ ለመጠየቅ ያኔ ትንሽ ነበርኩ። በመንገዳቸው ላይ ሽማግሌውን አብድልዳን አነሱ። አብድልዳ አባባ ደግሞ እኔን ሲያዩ በደረቅ አይብ የተሞላ ከረጢት ሰጡኝ። ወዲያው ሦስት ሴቶች ከኋላ ተቀላቀሉ፣ አንዷ ፍል ውኃ በማንቆርቆሪያ ይዛለች። እኔ ከፊት እየዘለልኩ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም።

አባቴ አዲሱን ሪሌ አስገብቶ ብሎኑን እያጠበቀ ነበር። አሮጌውን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጦታል። ቀና ሲል ግማሽ መንደር ጋጣው በር ላይ ቆሟል።

በዚያው ቅጽበት እናቴ ፍም ይዛ ከቤት ወጣች። ቤት ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ስለነበረች ካፖርቱን አውልቃዋለች። ሆዷ ከሷ ቀድሞ በሩን አለፈ። ከኋላዋ አያቴ ነበረች፤ ሰዎቹን ስታይ የበሩን መቃን ያዘች።

ፊቷ ላይ የነበረውን ያኔ ቁጣ አድርጌ ወሰድኩት። ፍርሃት ነበር። ያልተወለደን ተወለደ ብሎ የምሥራች መንገር፣ በሱዩንቹ፣ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት፣ ለአያቴ ከዓይንም የከፋ ነገር ነው። ሁለት ልጅ የተቀበረበት ቤት ነው። እናቴም ሳህኑን እንደያዘች ቀረች፤ ፍሙ እጇን እያቃጠላት እንኳ አላስቀመጠችውም።

ሁሉም ወደ ሸርጋዚ ዞረ። በመንደራችን አንድ ነገር ሲሆን ቀድሞ የሚናገር እሱ ነውና።

ሸርጋዚ የእናቴን ሆድ አየ። ኮፈኑ ጠርዝ ላይ የተቀመጠውን ጥቁር ነገር አየ። እኔን አየኝ፤ ሻሼን፣ ሰንጢዬን፣ አይቤን። አፉ ተከፈተ፣ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ እጁን ለአባቴ ዘረጋ።

"ዶክተር፣ እንኳን ደስ አለህ" አለ። "ሪሌ ቀየርክ አሉ።"

አባቴ ቁልፉን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። "አዎ... ቀየርኩ።"

"በገዛ እጅህ?"

"በገዛ እጄ።"

"ቀላል ነገር አይደለም። እኛም ሰምተን ለሱ ነው የመጣነው።" ወደ ኋላው ዞሮ ሴቶቹን ተመለከተ። "አይደለም እንዴ?"

"ለሱ ነው" አለች ባለ ማንቆርቆሪያዋ። "ለሪሌው። ፍል ውኃም አመጣሁ፣ እጁን ይታጠብበት ብዬ።"

ጉልሱን ከብብቷ ብርድ ልብሱን አወጣች። ወደ ሞተሩ ሄዳ በጥንቃቄ አለበሰችው፤ ጫፍና ጫፉን ሳይቀር ወተፈችለት። "እንዳይበርደው" አለች። "በዚህ ብርድ አዲስ ነገር መሸፈን አለበት።" ወደ እናቴ ቀና ብላ አላየችም። ማንም አላየም። ያን ያህል ትልቅ ሆድ ላለማየት ያን ያህል ሰው ሲጠነቀቅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አብድልዳ አባባ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን። ለመኪናዋ መረቁ።

"ቀኗ ሲደርስ ሳታስጨንቅ ትነሳ" አሉ። "መንገዱ ይቅናት። ሄዳ በሰላም ትመለስ፣ ከነሙሉ ጭነቷ። የጫነችውም ዕድሜው ይርዘም።"

"ኦሚን" አልንና ፊታችንን ዳበስን። እናቴ ግን እጇን ከፊቷ ላይ ቶሎ አላነሳችም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ለሪሌ ይህን ያህል ማልቀስ ምንድነው ብዬ ታዘብኳት። ለብዙ ዓመት አዲስ ሪሌ ሲገባ ሽማግሌ መጥቶ የሚመርቅ ይመስለኝ ነበር። ከተማ ገብቼ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይህን ጠይቄ ሰዎቹ ሥራ አቁመው ስቀውብኛል።

አባቴ ባትሪውን አስሮ ገባና ቁልፉን አዞረ። ማሞቂያዎቹ እስኪግሉ የምትበራው ቢጫ መብራት በራች። በፀጥታው ውስጥ ከድሪቶው ሥር "ቀጭ" አለ፤ ሁላችንም ሰማነው። መብራቷ ጠፋች፣ ሞተሩ ተነሳ። ጉልሱን ብርድ ልብሱ እንዳይቃጠል ስትዘል ላማችንም አብራ ዘለለች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሻይ ተፈላ። ሸርጋዚ እስኪሄድ ድረስ ስለ አየሩ ብቻ አወራ።

ቀኗ የደረሰው ብርዱ የባሰ በሆነበት ማለዳ ነው። እኔ የነቃሁት በእናቴ ድምፅ ነው። አባቴ ቤት ውስጥ ያሳደረውን ባትሪ ታቅፎ እየሮጠ ወጣ። አያቴ እናቴን ደግፋ መኪናዋ ውስጥ አስገባቻትና አጠገቧ ቆመች። በአጥሩ ማዶ የሸርጋዚ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ የመኪናዋን ጭስ ይሆናል የሚጠብቀው።

ቁልፉ ዞረ። መብራቷ በራች። አባቴ እንዳይቸኩል እጁን በእጁ ይዟል። አያቴ በከንፈሯ የምትለው ነገር ነበር። መብራቷ ጠፋች፣ መኪናዋ ሳትስል፣ ሳትንቀጠቀጥ ተነሳች። በረዶውን እየሰነጠቀች በበሩ ወጣች፣ ድልድዩን አለፈች፣ ከዓይናችን ጠፋች። አያቴ በረዶው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

"አታልቅሺ" አልኳት። "መኪናዋ ትመለሳለች። ተመርቃለች እኮ።"

"አዎ" አለችኝ ወደ ሆዷ እየጎተተችኝ። "ተመርቃለች።"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባቴ ብቻውን መጣ። አያቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አባቴ ከመኪናዋ ሳይወርድ መስኮቱን አውርዶ፣ "ወንድ ነው፣ እማ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ቱርሱን ብለነዋል" አላት። ቱርሱን ማለት ይኑርልን ማለት ነው።

እኔ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ሪሌው እንደነበር ይነግሩኛል።

አያቴ ሻሿን አስተካከለች። እኔን እጄን ይዛ፣ ራሷ፣ በእግሯ፣ አጥሩን ዞራ ሸርጋዚ ቤት ሄደች። እነ ጉልሱን፣ አብድልዳ አባባና ባለ ማንቆርቆሪያዋ ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ ለምን እንደተሰበሰቡ አልተናገሩም። አያቴ የበሩ ደፍ ላይ ቆመች።

"ልጅ ተወለደልን" አለች። ያንን ቃል ከአፏ ስሰማ በዚያ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ቤቱ በሙሉ ደነገጠ። ጉልሱን እጇን አፏ ላይ ጫነች። አብድልዳ አባባ "ምን? መቼ?" አሉ። ባለ ማንቆርቆሪያዋ ደረቷን መታች። ሸርጋዚ ግን ሁሉንም በለጠ፤ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ራሱን እያወዛወዘ፣ "እንዴ እማማ፣ እኛ እኮ ማርገዟንም አላወቅንም" አለ።

አያቴ ይህን በዚያ ወራት ሁሉ አፉን ስትፈራው የኖረችውን ሰው ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ራሱን በሁለት እጇ ዝቅ አድርጋ ግንባሩን ሳመችው።

"አውቃለሁ፣ ልጄ" አለችው። "አላወቃችሁም።"